የጋሽ ቱሉ ውሃና አሥራ ሁለቱ ብልቃጦች

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ከሩብ፣ ቃሊቲ

ከአዲስ አበባ የተነሳሁት በአንድ እጄ የልብስ ቦርሳ፣ በሌላው ሰማያዊ የበረዶ ሳጥን አንጠልጥዬ ነው። ሳጥኑን ያየ ሁሉ አሳ ልትጭን የምትወርድ ነጋዴ ሳልመስለው አልቀረሁም። የሚኒባሱ ሾፌር እንኳ ገና ሳልቀመጥ "ስትመለሺ ለኔም አንድ ሁለት ኪሎ" ብሎ አሳቀኝ። ስስቅ አፌን በእጄ እሸፍናለሁ። የስምጥ ሸለቆ ልጅ ነኝ፤ ጥርሴ ቡናማ ነው፣ ካደግኩበት ውሃ የመጣ። ሾፌሩም እንደዚያው ነበርና ለምን እንደሸፈንኩ አልጠየቀኝም።

በሳጥኑ ውስጥ አሳ የለም። አውራ ጣት የምታህል አንዲት የታሸገች ጠርሙስ፣ አሥራ ሁለት ባዶ ብልቃጦች እና አንድ ሊትር የተጣራ ውሃ ነው ያለው። በትንሿ ጠርሙስ ውስጥ ቀጭን ሻይ የመሰለ ፈሳሽ አለ። የአምስት ዓመት ሥራዬ እሱ ነው።

ነገሩን ላስረዳ። ሰው ኤም አር አይ ሲነሳ፣ ሐኪሙ የታመመውን ቦታ ከጤነኛው ለይቶ እንዲያይ አንዳንዴ በደም ሥር መድኃኒት ይሰጣል። እኔ በቀላሉ አድማቂ እለዋለሁ። የተለመደው አድማቂ ጋዶሊኒየም ከሚባል ማዕድን ይሠራል። ጤነኛ ኩላሊት ጠርጎ ያስወጣዋል፤ የደከመ ኩላሊት ግን ያቆየዋልና፣ ሐኪሞች ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ሊሰጡት ይሰጋሉ። እኔ የምሞክረው ያንኑ ሥራ በብረት ማሠራት ነው፣ ሰውነታችን በሚያውቀው፣ በደማችን ውስጥ በሚኖረው ብረት። እስካሁን ሰው ቀርቶ አይጥም አልቀመሰውም። ገና የብልቃጥ ነገር ነው።

በቤተ ሙከራችን ባለችው ትንሽ መለኪያ አድማቂዬ በደንብ ይሠራል። ረቡዕ የሚሰበሰበው የትምህርት ክፍላችን ኮሚቴ ግን ቁርጡን ነግሮኛል፤ ሰው በሚታይበት እውነተኛ ማሽን የተነሳ ምስል ካላመጣሁ ሥራው ይዘጋል። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ የታማሚ ወረፋ እያለ ለብልቃጥ ወረፋ የሚሰጥ የለም፣ መስጠትም የለበትም። ያዳነኝ ጅብሪል ነው። ጅብሪል አዳማ በሚገኝ አንድ የግል ምርመራ ማዕከል የኤም አር አይ ባለሙያ ነው፤ ከሦስት ዓመት በፊት በአንድ ሥልጠና ላይ ተዋወቅን። አለቆቹን አስፈቅዶ እሁድ ጠዋት እስከ ስድስት ሰዓት ማሽኑን ሰጠኝ። ከዚያ በኋላ ታማሚዎች ይገባሉ።

ቅዳሜን ለጋሽ ቱሉ አስቀመጥኩት። ባደግኩባት ከተማ በዓለም ጤና ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል ኬሚስትሪ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ኩላሊታቸው ከደከመ ሰነባብቷል፤ ከሁለት ዓመት በፊት ሐኪማቸው ያለ አድማቂ ባነሳላቸው ምስል ላይ ጉበታቸው አጠገብ ያለችውን ነገር በደንብ ሳያይ ቀረ። እስከ ዛሬ ምን እንደሆነች አልታወቀም። ሥራውን የጀመርኩት ከዚያ በፊት ቢሆንም ያላቋረጥኩት በእሳቸው ምክንያት ነው።

ሦስት ሰዓት፣ ከቢሾፍቱ እስከ ሞጆ

ሾፌሩ የድሮውን መንገድ መረጠ። ቢሾፍቱ ላይ የፈረስ ጋሪና ባጃጅ መንገዱን ተካፍለውት ስለነበር እንደነሱው ተንቀራፈፍን። በመስኮት ድንች ሳምቡሳ ገዛሁ፤ ትኩስ ነበር፣ ጣቴን አቃጠለኝ።

ከቢሾፍቱ አጠገቤ የተቀመጡት ወይዘሮ ዘሀራ የሚባሉ የአርሲ ሴት ናቸው፤ ሽንኩርት ከመቂ ጭነው ወደ አዲስ አበባ ይልካሉ። ሞጆ ደረቅ ወደብ አካባቢ ኮንቴይነር የጫኑ መኪኖች መንገዱን ይዘው ቆመዋል። ሾፌራችን ሊያልፋቸው ጥጉን ይዞ ሲበር ጉብታ ላይ ዘለለ፣ ሳጥኔም ከጭኔ ተወርውሮ ወይዘሮ ዘሀራ እግር ላይ አረፈ። የውሃው ጠርሙስ ክዳን ተሰነጠቀ። አንድ ሊትሩ በሙሉ ቀሚሳቸው ላይ ፈሰሰ።

"ምንድን ነው ያፈሰስሽብኝ ልጄ?"

"ውሃ ነው እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

"የምን ውሃ?"

"ንጹህ ውሃ። በጣም ንጹህ።"

"ንጹህ ውሃ በሳጥን ይዞ የሚዞር ምን ዓይነት ሰው ነው?" አሉና ቀሚሳቸውን እየጨመቁ ሳቁ። የሳቁልኝ የሚያለቅስ ፊቴን አይተው ይመስለኛል። ሞጆ ስንደርስ ሾፌሩን አስቁመው ወደ አንድ የመለዋወጫ ሱቅ ወሰዱኝ። "የባትሪ ውሃ ይሸጣል፣ እሱም የተጣራ ነው፤ የልጄ መኪና የሚጠጣው እሱን ነው።"

ባለ ሱቁ ላስቲክ ጠርሙሱን ሲያቀብለኝ አንገቱ ላይ ቅባት አየሁ። አሲድ የነካው ቢሆንስ አልኩና መለስኩት። ያን ቀን የተጠራጠርኩት ነገር እሱ ብቻ መሆኑ ኋላ ላይ ገረመኝ።

አምስት ሰዓት ተኩል፣ ዓለም ጤና

የቆቃን ድልድይ ተሻግረን፣ ከመንገዱ ዳር አሳ አንጠልጥለው የሚያውለበልቡትን አልፈን ዓለም ጤና ገባን። ወይዘሮ ዘሀራ ወደ መቂ ቀጠሉ። ቀሚሳቸው ደርቆ ነበር፤ "አየሽ፣ እውነትም ንጹህ ነው፣ ምልክት አልተወም" ብለው አጽናኑኝ። ከመናኸሪያው ጋሽ ቱሉ ቤት ባጃጁ ሠላሳ ብር ጠየቀኝ። በግራና በቀኝ የሽንኩርት ማሳ ነው፤ ፓምፖቹ ይንጫጫሉ።

"አካም ጅርታ፣ ሰናይት?" ጋሽ ቱሉ ከበሩ ላይ ሆነው ተቀበሉኝ። ከስተዋል። ልብሳቸው ግን እንደ ድሮው የተተኮሰ ነው፣ ደረት ኪሳቸውም ውስጥ ጠመኔ የሚመስል ነጭ ነገር አለ። ጠጋ ስል እውነትም ጠመኔ ነው። ጡረታ ከወጡ በኋላም የሰፈሩን ተማሪዎች በረንዳቸው ላይ በነጻ ያስተምራሉ።

ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ቲማቲም ስልስ በጨጨብሳ አቀረቡ። እየበላን ጋሽ ቱሉ ስለ አድማቂው አንድ በአንድ ጠየቁኝ፣ ፈተና ላይ ያለሁ እስኪመስለኝ ድረስ። ትምህርት ቤት ሳለን አንድ አመል ነበራቸው። ተማሪ "ውሃ ጨመርኩበት" ብሎ ከጻፈ በቀይ ከበው "የየት ውሃ?" ብለው ይመልሱለታል። የቧንቧ፣ የጉድጓድ፣ የወንዝ መሆኑ ካልተጻፈ ማርክ የለም። ይህን ጥያቄ ስንቱ ደብተሬ ላይ እንዳየሁት አልቆጥረውም።

ብረቱ እንዴት እንደሚያደምቅ በሹካና በስኳር ዕቃ አሳየኋቸው። ብረቱ እንደ ጎጆ በተሠራ ነገር ውስጥ ተቀምጧል፣ ለጎጆው አንዲት በር ተትቶለታል። ውሃ በዚያች በር ገብቶ ብረቱን ነክቶ ይወጣል፣ ሌላው ይገባል። ማሽኑ ላይ ድምቀት የሚፈጥረው ይህ መግባትና መውጣት ነው።

"ታዲያ በሩ እንዳይዘጋ ነው ጣጣው" አሉ።

"አዎ፣ ጋሼ።"

ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ ብልቃጦቹን ልሞላ ሳስብ የተጣራ ውሃዬ መፍሰሱን ነገርኳቸው። ጋሽ ቱሉ ፊታቸው በራ። "እኛ ቤት ያለውን ውሃ አታውቂውም። ለኩላሊቴ ብዬ አፍልቼ አጠልለዋለሁ፣ ደግሜ አፈላዋለሁ፣ ከዚያ ነው የምጠጣው። እንግዳ አይቀምሰውም፣ ያንቺን ግን እሞላልሻለሁ።"

አመነታሁ ብል ውሸት ነው። አዲስ አበባ ቸኩዬ በቧንቧ ውሃ ሞክሬው ሠርቶልኛል፤ ይሄ ደግሞ ሁለት ጊዜ የፈላ ነው አልኩ። ከዚያ በላይ ግን የእጃቸው ነገር ነው። በሚንቀጠቀጥ እጃቸው፣ በመርፌ እየመጠጡ፣ ምንም ሳያፈስሱ አሥራ ሁለቱንም ብልቃጦች ሞሉልኝ። እኔ ከትንሿ ጠርሙስ ለእያንዳንዱ መጠኑን እየጨመርኩ ከላይ ምልክት ለጠፍኩ። ሲሶውን ለመጠባበቂያ አስቀረሁ። ምልክቱ ላይ የብረቱን መጠን ጻፍኩና ቀጥዬ "ውሃ" አልኩ። የየት እንደሆነ አልጻፍኩም። ጋሽ ቱሉም አልጠየቁኝም፣ ደስ ብሏቸው ነበርና።

እሁድ ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ አዳማ

ማልጄ ተነስቼ በሞጆ ዞሬ አዳማ ገባሁ። ብልቃጦቹን ሳይ ቀለማቸው ትንሽ የሳሳ መሰለኝ፤ የጠዋት ብርሃን ነው ብዬ አለፍኩት። ጅብሪል ከማዕከሉ ፊት ለፊት ካለ ቤት ፉል አዝዞ ጠበቀኝ። በቃሪያና በዘይት የተጥለቀለቀ ነበር፤ ሒሳቡን ልከፍል ስል "ወላሂ እንዳትሞክሪው፣ እንግዳዬ ነሽ" አለኝ። ጅብሪል ቤተሰቦቹ ከወሎ መጥተው አዳማ የሰፈሩ ናቸው፤ እሱ እዚሁ ነው ተወልዶ ያደገው።

ብልቃጦቹን በእንቁላል መደርደሪያ ላይ አቁመን፣ በምሳ ዕቃ ውስጥ ከትተን፣ የታማሚ ራስ በሚያርፍበት ቦታ አስቀመጥናቸው። ጅብሪል ለታማሚ እንደሚያደርገው ሁሉ ምሳ ዕቃዬን በአንሶላ ደገፍ አደረገልኝ። "እንዳትንቀሳቀሺ" አላት። ማሽኑ መደቅደቅ ጀመረ።

ምስሉ ሲመጣ ሁለታችንም ወደ ስክሪኑ ጠጋ አልን። ብረት የበዛበት ብልቃጥ መድመቅ፣ ያነሰበት መደብዘዝ ነበረበት። ስክሪኑ ላይ ያሉት ግን አሥራ ሁለት ግራጫ ክቦች ናቸው። የመጀመሪያውን ከመጨረሻው መለየት ያስቸግራል።

ጅብሪል ልኩን ቀይሮ ደግሞ አነሳ፤ ያው ነው። ሦስት ሰዓት ተኩል ሆነ። ወንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ ረቡዕን አሰብኩ። ከዚያ ጋሽ ቱሉን፣ ያቺን ያልታወቀች ነገር አሰብኩ። አለቀስኩ፤ ሰው ፊት ማልቀስ አልወድም፣ ግን አለቀስኩ።

ጅብሪል ሻይ ይዞልኝ መጣ። አንዱን ብልቃጥ አንስቶ ምልክቱን እያነበበ "ውሃው ግን የየት ነው?" አለኝ።

"የዓለም ጤና" አልኩት።

ቀና ብሎ ጥርሴን አየ። ወዲያው ዓይኑን ሰብሮ ወደ ሻዩ መለሰ። እኛ አገር ጨዋ ሰው የሚያደርገው እንዲህ ነው፤ የሰው ጥርስ ላይ ዓይኑን አያቆይም። እኔ ግን ብርጭቆውን አስቀምጬ ተነሳሁ።

ፍሎራይድ ነው። ጥርሴን ያቀለመው፣ የሾፌሩን ጥርስ ያቀለመው፣ በሸለቆው የጉድጓድ ውሃ ውስጥ የሚኖረው ፍሎራይድ። ብረት ሲያገኝ ይጣበቅበታል። በዚያች ለውሃ በተተወች በር ገብቶ ተቀምጧል፤ በሩን ዘግቶታል። አፌ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ይዤው ስዞር የኖርኩትን ነገር ብልቃጤ ውስጥ ሳገኘው አላወቅኩትም። በራሴ ተናደድኩ፣ ቀጥዬ ደግሞ ሳቅሁ።

"ጅብሪል፣ ለመርፌ የሚሆን ውሃ አላችሁ?"

"ከፈለግሽ በካርቶን አለ።"

የቀረኝ መጠባበቂያ ለስድስት ብልቃጥ ብቻ ይበቃል። ስለዚህ ስድስቱን የዓለም ጤና ውሃ እንዳለ ተውኩ፣ ስድስቱን ደፍቼ አጠብኩ። የመርፌ ውሃ በትንንሽ የመስታወት አምፑል ነው የሚመጣው። አንድ በአንድ አንገቱን መስበር ያስፈልጋል፣ ለማጠቢያም ለመሙያም። ጅብሪል አጠገቤ ቆሞ ሰበረ። አሥረኛው ላይ ጣቱ ተቆረጠ፣ ፕላስተር ለጥፎ ቀጠለ። እኔ "ተው፣ ይበቃሃል" ስለው "አንቺ ለካ ሰው ሥራውን ሲጨርስ ማየት አትወጂም" ብሎ ይቀልዳል። ምሳውን ትቶ ነው የሚያግዘኝ፤ የመጀመሪያዋ ታማሚ ሴትም በረንዳው ላይ ደርሳለች። ወጥቶ ይቅርታ ጠየቃት። "ለምሳ ዕቃ ነው ወረፋዬን የለቀቅኩት?" ብላ ሳቀችና ጠበቀችን።

ስድስት ሰዓት ተኩል ሊሆን ሰባት ደቂቃ ሲቀረው ምስሉ መጣ። በግራ ስድስቱ ግራጫ ናቸው። በቀኝ ስድስቱ ከደብዛዛ ወደ ደማቅ በቅደም ተከተል በርተዋል፤ የመጨረሻው ነጭ ሆኗል። ጅብሪል "አልሐምዱሊላህ" አለ፣ እኔም "ተመስገን" አልኩ። ፕላስተር ያለበትን እጁን በሁለት እጄ ይዤ አመሰገንኩት፣ ምን እንዳልኩ ግን አላስታውስም። ከዚያም ወጥቼ ሴትየዋን አመሰገንኩ።

ከሰዓት በኋላ አዳማ ፀሐዩ ከባድ ነው። አልጋ የያዝኩበት ቤት በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ደስታዬን ላጣጥም ስል፣ ቀስ ብሎ ሌላ ነገር ገባኝ። ጋሽ ቱሉ ያንን ውሃ ይጠጡታል። ለኩላሊታቸው ብለው፣ ሁለት ጊዜ አፍልተው። ሰኞ ጠዋት ወደ አዲስ አበባ የነበረውን ጉዞዬን ቀየርኩ።

ሰኞ አራት ሰዓት፣ እንደገና ዓለም ጤና

በረንዳቸው ላይ ነበሩ። እትዬ አስካለ ውስጥ ምድጃው ላይ ውሃ ጥደዋል፣ እንፋሎቱ በበሩ ይታያል። ምስሉን በስልኬ አሳየኋቸው። ደማቆቹን አይተው ተደሰቱ፤ ቀጥለው ግራጫዎቹን በጣታቸው ነኩ።

"እነዚህ ምን ሆኑ?"

መልሱን መንገዱን ሙሉ ሳዘጋጅ መጥቼ ነበር። "ያኛው የርስዎ ውሃ ነው ጋሼ። ፍሎራይዱ በሩን ዘግቶት ነው።"

ማስላት ሲጀምሩ አየሁ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

"ሲፈላ የሚሄደው ውሃው ነው" አሉ በመጨረሻ። "የሚቀረው የሟሟው ነው። ባፈላሁት ቁጥር ይወፍራል። ይህን እኮ ዘጠነኛ ክፍል እኔ ነኝ ያስተማርኩሽ።"

"እርስዎ ነዎት።"

"ኩላሊት ነው ደግሞ እሱን ከሰውነት የሚያስወጣው።"

"አዎ። ይጎዳዎታል አላልኩም፣ አልለካሁትማ። ውሃውን አስለክቼ እነግርዎታለሁ፣ እርስዎም ለሐኪምዎ ይንገሩ። ግን እስከዚያ ድረስ..."

ሳልጨርስ አጠገባችን የነበሩት እትዬ አስካለ ተነስተው ገቡና የተጣደውን ውሃ ከምድጃው አወረዱ። ድስቱን መሬት ላይ ሲያስቀምጡት ድምፁ ተሰማን።

ጋሽ ቱሉ የከፋቸው በሌላ ነገር ነው። "ቅዳሜ ስሞላልሽ እያየሽ ነበር። ኬሚስት ነሽ። ለምን አልጠየቅሽኝም?"

"የሰጡኝ እርስዎ ስለሆኑ።"

"ኬሚስትሪ እኔን አያውቀኝም፣ ሰናይት።" ይህን ሲሉ አልተቆጡም፣ ትከሻዬን ያዙኝ። "እኔም ራሴን አልጠየቅኩም። የስንቱን ልጅ ደብተር በቀይ እየመለስኩ።"

ጎረቤታቸው የጣሪያ ውሃ፣ ከመሬት ያልወጣውን የዝናብ ውሃ፣ ለከብቶቹ እንደሚያጠራቅም፣ ክረምቱም እንደቀረበ እትዬ አስካለ አስታወሷቸው። ያረጀ በርሜል ከጓሮ እንዳላቸውም ተነጋገሩ። ስነሳ ጋሽ ቱሉ ከዚያው ከወረደው ውሃ አንድ የላስቲክ ጠርሙስ ሞልተው ሰጡኝ። "ከዛሬ ጀምሮ የምትሠሪውን ሁሉ በዚህ ሞክሪው። መድኃኒትሽ አዲስ አበባ ላለ ሰው ብቻ አይደለም።" ወረቀት ለጥፈው በጥንቃቄ ጻፉበት፤ የጉድጓድ ውሃ፣ ዓለም ጤና፣ ሁለት ጊዜ የፈላ።

አዲስ አበባ

ሰኞ ማታ ሳይመሽ ቤቴ ገባሁ፤ ሾፌሩ ያው የቅዳሜው ሆኖ ተገናኘን፣ ሳጥኔን አይቶ "አሳው የታለ?" አለኝ። ረቡዕ ኮሚቴው ፊት ደማቁን ምስል ብቻ ማቅረብ እችል ነበር። ሁለቱንም አቀረብኩ። ሰብሳቢው "የደበዘዘውን ለምን አመጣሽው?" ብሎ ጠየቀኝ፤ የየት ውሃ እንደሆነ ነገርኩት። ደም ውስጥ ያለው ፍሎራይድ ከጉድጓዱ ውሃ እጅግ ያነሰ ነው፤ ቢሆንም የመድኃኒቱ በር እንዲህ በቀላሉ እንዳይዘጋ ጎጆውን እንደገና መሥራት አለብኝ አልኩ። አንድ ዓመት ጨመሩልኝ። ከአዳራሹ ስወጣ ባልደረቦቼ ደስ ብሏቸው አቀፉኝ፣ እኔም ሳቅሁ፤ እጄ ወደ አፌ እንዳልሄደ ያወቅኩት ከሳቅሁ በኋላ ነው።

ይህ ጉዞ ያስተማረኝ ነገር አዲስ አይደለም፣ ደብተሬ ላይ በቀይ ሲጻፍልኝ የኖረ ነው። ጋሽ ቱሉን ያልጠየቅኩት ስለወደድኳቸው ነበር። አሁን የሚገባኝ ጥያቄውም ከፍቅር እንደነበር ነው። ቀሚሳቸውን ላረጠብኳቸው ሴት፣ ጣቱን ለተቆረጠው ጅብሪል፣ ወረፋዋን ለለቀቀችልኝ ታማሚ፣ በሚንቀጠቀጥ እጃቸው ብልቃጥ ለሞሉልኝ መምህሬ ምስጋናዬ ከልብ ነው።

ትናንት ጋሽ ቱሉ በስልክ ፎቶ ላኩልኝ። ዓለም ጤና ዘንቧል። ጓሮ ውስጥ ያ አሮጌ በርሜል ታጥቦ ከጣሪያው ሥር ቆሟል፣ ግማሽ ድረስ ሞልቷል። ሆዱ ላይ በጠመኔ፣ በዚያ በማውቀው ጽሑፍ፣ እንዲህ ተጽፎበታል፤ "የጣሪያ ውሃ። ጣሪያውን ያጠበው የመጀመሪያው ዝናብ ተደፍቷል።"